ያለ ደመወዝ ስለሚያገለግሉ ሰዎች አመራር፤ ከነህምያ ቅጥር እስከ ሰበካ ጉባኤ

በደመወዝ የሚሠራ ሰው ሥራውን ቢተው ደመወዙ ይቀርበታል፤ በግዳጅ የሚሠራም ሰው ቢተው ቅጣት ያገኘዋል። በፈቃዱ የሚሠራ ሰው ግን ቢተው የሚቀርበት ብር፥ የሚያገኘውም ቅጣት የለም። ዛሬ መጥቶ ድንጋይ ያነሣ፥ ውኃ የቀዳ፥ ድንኳን የተከለ ሰው ነገ ቢቀር ለምን ቀረህ ብሎ ዳኛ ፊት የሚያቆመው ማንም አይገኝም። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሰብስቦ፥ ሥራ ከፍሎ፥ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው አጽንቶ መያዝ ጭፍራ ከመምራት ይልቅ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያንም ከጥንት ጀምሮ በብዙው የኖረችው በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው።

በኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ የሕንፃው ታሪክ፥ የታቦቱ አገባብ፥ የአለቆቹም ተራ ይጻፋል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ሕንፃውን ያቆሙት ሰዎች እንዴት ተሰበሰቡ፥ እንዴትስ ሳይበተኑ ቆዩ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን ከቅዱሳት መጻሕፍት፥ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ፥ ከአገራችንም ልማድ ጥቂት እንመለከት ዘንድ ወደድን።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ትምህርት የሚገኘው በመጽሐፈ ነህምያ ነው። ነህምያ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሶ በሮቿም በእሳት ተቃጥለው መቅረታቸውን በሰማ ጊዜ ከንጉሡ ፈቃድ ተቀብሎ ወጣ። ሊቃውንት ይህን ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 ዓመት ያህል ያደርጉታል። ኢየሩሳሌምም በደረሰ ጊዜ ወዲያው አዋጅ አላስነገረም፤ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ መረመረ፤ ለካህናቱም ለሹማምንቱም ምንም አልነገራቸውም ነበር። ሰውን ለሥራ ከመጥራቱ በፊት ሥራው ምን ያህል እንደ ሆነ፥ የትኛው ወገን ክፉኛ እንደ ፈረሰ፥ ከብት የማያሳልፈው ፍርስራሽ የቱ ጋ እንዳለ በዓይኑ አየ። በዘመናችን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አስቀድሞ ሕዝቡ ይጠራል፥ ከተሰበሰበም በኋላ ምን እንሥራ ተብሎ ይመከራል፤ የመጣውም ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ውሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ሰው ባይመጣ ሊፈረድበት አይገባም።

ከዚህም በኋላ ያለው የመጽሐፉ ሦስተኛ ምዕራፍ፥ ብዙ አንባብያን ስም ብቻ ነው ብለው የሚያልፉት፥ እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ፈቃድ ሥራ አከፋፈል ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ቅጥሩ በአንድነት ለሁሉ አልተሰጠም፤ ክፍል ክፍል ሆኖ ለየስሙ ተሰጠ። ታላቁ ካህን ኤልያሴብና ወንድሞቹ ካህናት የበጎችን በር ሠሩ። ከእነርሱ አጠገብ የኢያሪኮ ሰዎች ሠሩ፤ ከዚያም ወርቅ አንጥረኞች፥ ሽቱ ቀማሚዎች፥ ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን አደሱ። ብዙዎቹም በየቤታቸው አንጻር ያለውን ወገን ተቀበሉ። ይህ ጥበብ ነው፤ ሰው በራሱ ደጅ ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር አቃሎ አይሠራውም፥ ጠላት ቢገባ አስቀድሞ የሚገባው በእርሱ ቤት ነውና። ካህናቱም እኛ የምንጸልይ ነን፥ ድንጋይ የሕዝብ ነው አላሉም፤ መጀመሪያ የተጻፈው የእነርሱ ድርሻ ነው።

በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ አንዱ ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋራ እንደ ሠራ ተጽፏል። ባሮክ የሚባለውም ሰው ተግቶ እንደ ሠራ ከሌሎቹ ተለይቶ ተነግሮለታል። ስለ ቴቁሐ ሰዎች የተጻፈው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። የቴቁሐ ሕዝብ ድርሻቸውን ሠሩ፤ ታላላቆቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም። ነህምያ ይህን ሲጽፍ አልሸፈነውም፥ አልተሳደበምም፤ አንድ ቃል ብሎ አለፈው። ጥቂት ቈይቶም እነዚያው የቴቁሐ ሰዎች ሁለተኛ ክፍል እንደ ሠሩ ይነግረናል። ታላላቆቻቸው የተዉትን ጫና ለማካካስ ይሆን ወይም ከትጋታቸው ብዛት የተነሣ መጽሐፉ አይገልጽም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ድርሻ በስማቸው ተቈጥሮላቸዋል።

ሥራውም ያለ ችግር አልተፈጸመም። ቅጥሩ እኩሌታው ድረስ ከቆመ በኋላ የተሸካሚዎች ኃይል ደከመ፥ ፍርስራሹም ብዙ ነው የሚል ቃል ከሕዝቡ ተሰማ። የፈቃድ ሥራ ሁሉ የሚደክመው እኩሌታው ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ደስታ አለ፥ በመጨረሻም ፍጻሜው በዓይን ይታያል፥ በመካከል ግን ከፍርስራሽ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ጠላትም በዚያው ጊዜ ዛተ። ነህምያ ግን የደከሙትን አልገሠጸም፤ አሠራሩን ለወጠ እንጂ። እኩሌቶቹ ጦር ይዘው እንዲጠብቁ፥ እኩሌቶቹ እንዲሠሩ አደረገ፤ ሥራው ሰፊ ሠራተኞቹም የተራራቁ ስለ ሆኑ ቀንደ መለከት የሚነፋ ሰው ከጎኑ አቆመ፥ ድምፁን በሚሰሙበት ስፍራ ሁሉ ይሰበሰቡ ዘንድ።

ይልቁንም አምስተኛው ምዕራፍ ሊታሰብ ይገባዋል። በሥራው መካከል ድሆቹና ሚስቶቻቸው ጮኹ። እርሻቸውንና ወይናቸውን ለእህል አስይዘው ነበር፤ ልጆቻቸውም ለባርነት ተሰጥተው ነበር፤ አበዳሪዎቹም አብረዋቸው ቅጥር የሚሠሩት የራሳቸው ወንድሞች ነበሩ። ነህምያም ይህ ከቅጥሩ ጋራ ምን አለው፥ ሥራው ይለቅ ብሎ ነገሩን አላሳደረውም። ታላቅ ጉባኤ ሰብስቦ ባለጠጎቹን ወቀሳቸው፤ እርሻውንና ወይኑን፥ ወለዱንም መልሰው እንዲሰጡ በካህናት ፊት አስማላቸው። እርሱም ራሱ ገዥ ሆኖ በቆየበት 12 ዓመት ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልተቀበለም፤ በማዕዱ ግን 150 ሰዎች ይበሉ ነበር፥ ለየቀኑም አንድ በሬና ስድስት የተመረጡ በጎች ይታረዱ ነበር። ሕዝቡን በነጻ የሚያሠራ ሰው ራሱ ከሕዝቡ የሚጠቀም ከሆነ ሥራው በዚያ ቀን ፈርሷል። ጠላቶቹም ወደ ሜዳ ውረድና እንገናኝ ብለው አራት ጊዜ ላኩበት፤ አራት ጊዜም ሥራ ይዣለሁ ብሎ ቀረ። ስብሰባ የሚወዱ ሰዎች ይህን ስፍራ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

ከዚህ የሚቀድም ሌላ ታሪክ ደግሞ በመጽሐፈ ነገሥት አለ፤ እርሱም ስለ ገንዘብ ነው። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአስ ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ እየተቀበሉ የመቅደሱን የፈረሰውን ስፍራ እንዲጠግኑ አዘዘ። ነገር ግን ንጉሡ እስከ ነገሠበት እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ምንም አልተጠገነም። መጽሐፉ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። ሥራው ለሁሉ ተሰጥቶ ስለ ነበረ ለማንም አልተሰጠም ነበር፥ ሁሉም ሌላው ይጠግነዋል ብሎ ተቀመጠ ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ካህኑ ዮዳሄ ሳጥን ወስዶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው በስተቀኝ አኖረው። ገንዘቡም በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን ሁለቱ በአንድነት ሆነው ይቈጥሩት ነበር፤ ቈጥረውም ለሥራው አለቆች ይሰጡ ነበር፥ እነርሱም ለጠራቢዎችና ለግንበኞች ይከፍሉ ነበር። አለቆቹ በታማኝነት ይሠሩ ስለ ነበረ ቍጥጥር አላስፈለጋቸውም ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በገንዘቡ መግቢያ ላይ ሁለት ዓይን ተደርጓል፥ በሥራው ላይ ግን እምነት ተሰጥቷል። በብዙ ስፍራ የምናየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሳጥኑ በአንድ ሰው እጅ ተትቶ፥ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ልጅ ግን በየእርምጃው ይጠየቃል።

በሐዲስ ኪዳን በሐዋርያት ሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ሁሉም ያውቀዋል። ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑት መበለቶች በየቀኑ ከሚታደለው ማዕድ ተረሱ የሚል ማንጐራጐር ሆነ። ሐዋርያትም ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱ ሰዎች ስም ሁሉ የግሪክ ስም መሆኑን ብዙ ተርጓሚዎች ልብ ብለዋል፤ ይኸውም ያዘኑት ወገኖች ማደሉን ራሳቸው እንዲይዙት ሳይደረግ አልቀረም ማለት ነው። ቅሬታ ያለውን ሰው ዝም በል ከማለት ይልቅ ሥራውን ከነሥልጣኑ መስጠት ከባድ ምክር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን የማዕዱ ማንጐራጐር ዳግመኛ አልተነገረም።

አሁን ደግሞ ወደ እስክንድርያ እንለፍ፤ ይህች መንበር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ጳጳሳቷን የተቀበለችባት ናትና ታሪኳ ለእኛም ቅርብ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ክፉ ቸነፈር በወረደ ጊዜ 14ኛው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ የጻፈው መልእክት በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶልናል። በዚያ እንደ ተነገረው ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ለራሳቸው ሳይሳሱ ሕሙማንን ያስታምሙ፥ ሙታንንም አጥበው ይገንዙ ነበር፤ ከእነርሱም ቀሳውስት፥ ዲያቆናት፥ ሕዝባውያንም በዚያው በሽታ ሞቱ። ማንም አልቀጠራቸውም።

ነገሩ ግን ከዘመን ብዛት መልኩን ለወጠ። በ5ኛው መቶ ዓመት በዚያችው ከተማ ሕሙማንን የሚያገለግሉ ፓራቦላኖይ የሚባሉ ሰዎች በጉባኤ ቆመው ነበር፤ ትርጓሜውም ነፍሳቸውን ለአደጋ የጣሉ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከብዛታቸው የተነሣ በከተማው ሁከት ውስጥ የሚፈሩ ኃይል ሆኑ። ስለዚህ በታናሹ ቴዎዶስዮስ ዘመን፥ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ416 ዓመት፥ ቍጥራቸው ከ500 እንዳይበልጥ፥ ወደ ቴአትርና ወደ ፍርድ አደባባይም በአንድነት እንዳይወጡ ሕግ ወጣ፤ ምርጫቸውም በመንግሥት ሹም እጅ ሆነ። በ418 ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ ቍጥራቸው 600 ሆነ፥ ምርጫውም ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ተመለሰ። በሁለቱም ሕጎች ባለ ማዕርግና ባለጠጋ ሰዎች በዚህ ማኅበር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ድኻ ሆኖ ሕሙማንን የሚያጥብ ሰው ያለ ክልከላ ይገባል፤ ባለጠጋ የሚሽቀዳደምበት አገልግሎት ግን ከአገልግሎቱ ሌላ ጥቅም የተገኘበት ነው። ባለ ጸጋው የገባው ለቍስለኛ አዝኖ ቢሆን ኖሮ ማንም ሕግ ባላወጣበት ነበር።

እኛም ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለት ልዩ ልዩ ሥርዓቶችን እናገኛለን። አንደኛው በመሬት የታሰረ አገልግሎት ነው። ቅስናውም ድቁናውም መሬት ነበረው፤ በሸዋ ሰሞን፥ በጎንደር ሪም ይባል የነበረው ርስት ለአገልጋዩ የተሰጠ ነበረ፥ አገልግሎቱን የተወ መሬቱንም ይለቅ ነበር። ሰሞን የሚለው ቃል ራሱ ሳምንት ማለት ነው፤ ሰሞነኛውም ተራው የደረሰው ካህን ነው። ይህ ተራ ከጥንት የመጣ ነው፤ ዳዊት ካህናቱን በ24 ክፍል ከፍሏቸው ነበርና፥ የመጥምቁ የዮሐንስ አባት ዘካርያስም ከአብያ ክፍል ሆኖ ተራው በደረሰ ጊዜ ነው መልአኩን ያየው።

ሁለተኛው ሥርዓት ሕዝቡ ያለ ርስትና ያለ ደመወዝ የሚያደርገው ነው። በእርሻው በኩል ወንፈልና ደቦ አሉ። ወንፈል ጥቂት ሰዎች ቀን በቀን የሚበዳደሩት ጕልበት ነው፤ ዛሬ ለእኔ ያረስህ ነገ ላንተ አርሳለሁ። ደቦ ግን ብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚወጣበት፥ ጠሪውም ጠላና እንጀራ አቅርቦ የሚያበላበት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት ማቅረብ የደቦን መልክ ይይዛል፤ ደቦ ደግሞ ለአንድ ቀን እንጂ ለአንድ ዓመት አይሆንም። ይህን ያልለዩ ሰዎች የዓመቱን ሥራ በደቦ ስሜት ይጀምሩትና ሕዝቡ በሁለተኛው ወር ሲበተን ሃይማኖት ቀነሰ ይላሉ። ሃይማኖት አልቀነሰም፤ የደቦው ቀን መሸ እንጂ።

ለዓመትና ለዕድሜ የሚሆነውን ሥርዓት ያገኙት ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ናቸው። በጽዋ ማኅበር አባሎቹ በወር አንድ ቀን በመረጡት ቅዱስ ስም ይሰበሰባሉ፤ ድግሱ በየተራ ነው። አባሎቹ 12 ቢሆኑ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል፤ ድኻው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ለአንድ ቀን አያንስም። ጽዋውንም የዛሬው ባለ ተራ ለሚቀጥለው በሁሉ ፊት ያስረክበዋል፤ የተቀበለው ሰው ቀኑን ያውቃል፥ ሌሎቹም እርሱ መሆኑን ያውቃሉ። ሙሴ የሚባል አለቃ አላቸው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፥ የታመመ ይጠየቃል፥ የተጣሉም ሁለት አባሎች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። በሰንበቴም እንዲሁ በየእሑዱ ባለ ተራዎቹ ዳቦውንና ጠላውን ወደ ሰንበቴው ቤት አምጥተው ካህናቱን፥ ነዳያኑን፥ የቆሎ ተማሪዎቹንም ያበላሉ። እነዚህ አባቶች ስለ አመራር የጻፉት መጽሐፍ የለም፤ ሥርዓታቸው ግን ነህምያ ካደረገው ብዙ አይርቅም፤ ድርሻው ትንሽ ነው፥ ባለቤቱ በስሙ ይታወቃል፥ ፍጻሜውም ቀን አለው።

አለቃው ራሱ ቢሠራ ብቻ ይበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የሚባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ መንገዱን በገዛ እጃቸው ይጠርጉ፥ ድንጋይም ያነሡ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መድፉም ደረሰ። ነገር ግን ሠራዊታቸው በፍርሃት የተያዘ ስለ ነበረ ብዙው አስቀድሞ እየከዳ ተመናምኖ ነበር። የአለቃ ትከሻ ያስፈልጋል፤ የፈቃድን ስፍራ ግን አይሞላም።

በዘመናችን ታላቅ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ወጣ። በዚህም ካህናት፥ ምእመናን፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በየአጥቢያው ተመርጠው የቤተ ክርስቲያንን ሥራ በአንድነት እንዲመሩ ተደነገገ። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወርም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለብዙ መቶ ዓመት አገልጋዩን ሲመግብ የኖረው መሬትና የኪራይ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጣ። ደንቡ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ በዚያ ቀን አጥቢያው ምን ይይዝ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። ከዚያ ወዲህ ዕጣኑም ዘይቱም፥ የካህኑም ምግብ በአባሎች መዋጮ፥ የጽሕፈቱና የሒሳቡ ሥራም በአብዛኛው ከሥራቸው ውለው በሚመጡ የፈቃድ ሰዎች ሆነ። በአሜሪካና በኤሮፓ የተተከሉት አጥቢያዎቻችን ደግሞ ርስት ኖሯቸው አያውቅም፤ ብዙዎቹ በተከራዩት አዳራሽ ወይም በሌላ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ሲጀምሩ ምንጣፉን ጠቅልሎ በትከሻው የሚመልስ የፈቃድ ሰው ብቻ ነበራቸው።

እንግዲህ ከመሬት ወደ ፈቃድ ተሻግረናል፤ አእምሮአችን ግን ገና ሙሉ በሙሉ የተሻገረ አይመስለኝም። በመሬት የታሰረ አገልጋይ ቢከፋውም ይቈያል፤ የፈቃድ ሰው ግን ሲከፋው አይናገርም፥ አይከራከርምም፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል። አለቆችም መጥፋቱን የሚያውቁት በዓሉ ሲደርስና ድንኳን የሚተክል ሲታጣ ነው። በየአጥቢያው የምናየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። አባሎች ብዙ ናቸው፤ ሥራው የሚወድቀው ግን በአራት ወይም በአምስት ሰዎች ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች እንደ ቴቁሐ ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍል ሠርተው ሁለተኛውን ይጨመርላቸዋል፤ የሠራ ሰው ሁልጊዜ ይገኛልና። ሁለተኛውንም ቢሠሩ ሦስተኛው ይመጣል። እንቢ ለማለት ያፍራሉ፤ በመጨረሻ ታመው ወይም ተቈጥተው ይወጣሉ፥ ሲወጡም የሥራውን ዕውቀት ሁሉ ይዘውት ይሄዳሉ፤ መብራት የሚያስተካክለው ወንድም የቱን ሽቦ እንደሚነካ ለማንም አላሳየም ነበርና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እንተርታለን፤ ሎሚውን ለሃምሳ ሰው የሚያድለው ማን እንደ ሆነ ግን ምሳሌው አይናገርም። የማደሉ ሥራ ራሱ ሥራ ነው፤ ሥራ አዳዩም ሎሚ ባይሸከም አይወቀስ።

የወጣቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። ቃለ ዓዋዲ ወጣቶቹን በጉባኤው ወንበር አስቀመጣቸው፤ በብዙ ስፍራ ግን ወንበር እንዲሸከሙ ይጠራሉ እንጂ በወንበሩ ተቀምጠው እንዲናገሩ አይጠበቁም። አንድ ወጣት ሦስት ዓመት ወንበር ተሸክሞ በአራተኛው ቢቀር ሐዋርያት ለመበለቶቹ ወገን ያደረጉትን እናስብ፤ ማደሉን ከነሥልጣኑ ሰጥተዋቸው ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ አቆማለሁ። በየመታሰቢያ መጽሐፉ መጨረሻ የሰጪዎች ስም ከነብራቸው መጠን ይታተማል። ብር መስጠት መልካም ነው፥ ስሙም ይጻፍ። ነገር ግን ለሕንፃው ሥራ የዋሉትን ሰዎች ለማብላት ሌሊት ሊጥ ያቦኩ፥ ጠላ የጠመቁ፥ ከምንጭ ውኃ በእንስራ የተሸከሙ እናቶች ስም ከብሩ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ብር አልሰጡምና። ነህምያ ግን የሰጠውን ሳይሆን የሠራውን ሰው ጻፈ፤ ከአባታቸው ጋራ የሠሩትን ሴቶች ልጆችም አልዘለላቸውም። ከእነዚያ እናቶች ብዙዎቹ አርፈዋል፤ በሕይወት ያሉትም ከሰንበቴው ቤት አጠገብ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ይገኛሉ፥ ማን ከማን ጋራ እንደ ሠራና በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ያስታውሳሉ። ከሰበካ ጉባኤው ጸሐፊዎች አንዱ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ሁለቱን አስከትሎ አንድ ደብተር ይዞ በጥቂት እሑዶች ውስጥ ቢጠይቃቸው፥ ስሙን፥ የሠሩትን ክፍልና ዓመቱን በሦስት ረድፍ ቢጽፍ፥ ደብተሩም ከሒሳቡ መዝገብ ጋራ በዕቃ ቤቱ ቢቀመጥ፥ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የሚጽፍ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።